ጠጠር የተሸከመ ሳንባ፦ የመምህርት ደብሪቱ መኩሪያ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ደብሪቱ መኩሪያ ከአባታቸው ከአቶ መኩሪያ ወልደጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺአረግ አዲስ በሸዋ፣ ምንጃር ሐምሌ 19 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ከተወለዱት ልጆች ያደጉት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ገሰሰ መኩሪያ ብቻ ናቸው።

ትናንት ረቡዕ ለቀብር መጥታችሁ፣ ድንኳን ውስጥ ስትጠብቁ ውላችሁ የተመለሳችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ቤተሰቡ ይቅርታ ይጠይቃችኋል። ቀብሩ ወደ ዛሬ የተዛወረበት ምክንያት ከሕይወታቸው ጋር የተያያዘ ስለሆነ በቦታው ይነገራል። ብዙ ነገር ሲወራ ተሰምቷል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጡ።

አባታቸው በአንድ የእህል መጋዘን የጥበቃ ሥራ ስላገኙ ቤተሰቡ በ1950 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሾላ ገበያ አጠገብ ተቀመጠ። እናታቸው በገበያው በርበሬ መሸጥ ጀመሩ። ደብሪቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የነጋዴዎቹን ትንንሽ ልጆች ከበርበሬ ጆንያው ኋላ አሰልፈው ያስተምሩ ነበር። አልታዘዝ ያላቸውን ጆንያው ላይ ጎንበስ አድርገው ያስነጥሱት እንደነበር የዛሬዎቹ ትልልቅ ሰዎች እስካሁን ይናገራሉ። ነጋዴዎቹም «የእኛ መምህርት» ይሏቸው ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ ጨርሰው፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው በ1964 ዓ.ም. ተመረቁ። በ1965 ዓ.ም. መስከረም ወር ገርጂ በሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ገርጂ ገና እርሻ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ጭቃውን ይሻገሩና ትምህርት ቤቱ በር ላይ እግራቸውን ታጥበው ይገባሉ። ፈጣን ተራማጅ ነበሩ። አብረዋቸው የሚሄዱት መምህራን «ደብሪቱ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ ትምህርት ቤቱ ተነሥቶ አይሄድ!» እያሉ ከኋላ ይጮኹባቸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ሲዳሞ ዘምተው ግዳጃቸውን ፈጽመው ተመለሱ።

ጥር 1969 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለሚካኤል ላጲሶ ጋር በቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ኃይለሚካኤል የመኪና መካኒክ ናቸው። ጊዜው ሰዓት እላፊ የነበረበት፣ ሰው ከቤቱ ለመውጣት የሚሰጋበት ስለነበር ሠርጉ ጠዋት ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ልጃቸው ሚርያም ተወለደች።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ መምህርት ደብሪቱ በቀበሌው አዳራሽ ከሥራ በኋላ ጎልማሶችን አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዷ እናታቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት «ተማሪ የሺአረግ፣ ይነሡና ያንብቡ» ሲሏቸው እናታቸው ተቆጥተው «ቤት እንገናኛለን!» አሏቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። መምህርት ደብሪቱ ግን አልሳቁም፤ «እዚህ ልጅዎ አይደለሁም፣ እማዬ። ይነሡ» አሉ። እናታቸው ተነሡ፤ አነበቡም። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፉትም እናታቸው ናቸው።

በ1973 ዓ.ም. መምህርት ደብሪቱ ወደ ቡልጋሪያ ሄደው ለሁለት ዓመት የትምህርት አስተዳደር እንዲማሩ ተመረጡ። ለጉዞው የጤና ምርመራ ሲደረግላቸው የደረት ራጅ ተነሡ። ሐኪሙ ፊልሙን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣና «የዚህ ፊልም ባለቤት የታለች? ቃሬዛ ላይ ነች?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ መምህርት ደብሪቱ፣ ከወንበራቸው ተነሥተው።

«አይደለሽም።»

«ደብሪቱ መኩሪያ አይደል የሚለው? እኔ ነኝ። በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ፊልሙ ከሌላ ሰው ፊልም ጋር ተለዋውጧል ተብሎ ሌላ ተነሣ። ያው ሆነ። ሁለቱም ሳንባዎች ከላይ እስከ ታች ነጭ ደቃቅ ነጠብጣብ ሞልቶባቸዋል። ወደ ታች እየበዛ ሄዶ የልብ ዳርቻ እንኳ አይለይም ነበር። በመስኮት መስተዋት ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። እሳቸው አያስሉም፣ አያተኩሳቸውም፣ አልከሱም። ሐኪሙ ግን በመላ ሳንባቸው የተሰራጨ ሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። በአገራችን እንዲህ ያለ ፊልም ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ስለሆነ በማንም አይፈረድም። የቡልጋሪያው ጉዞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለቤተሰቡ ከባድ ነበር። መምህርት ደብሪቱ በየማለዳው መርፌ እየተወጉ፣ ክኒኑን እየዋጡ ዓመት ከመንፈቅ ቆዩ። መርፌው ጆሯቸውን ያስጮኸው ነበር። ከክፍል ወጥተው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። ሕፃኗ ሚርያም እንዳይተላለፍባት ናዝሬት የአባቷ እናት ወይዘሮ ማሚቱ ዘንድ ተላከች። ይህን የወሰኑት ራሳቸው መምህርት ደብሪቱ ናቸው፤ ወይዘሮ ማሚቱም ልጅቷን እንደ ዓይናቸው ብሌን አሳደጓት። መምህርት ደብሪቱ በየወሩ ናዝሬት እየሄዱ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ በር ላይ ቆመው ልጃቸውን ያዩ ነበር። አይስሟትም። ሚርያም «እማዬ ጥርስ የላትም እንዴ?» ብላ አያቷን ጠይቃ ነበር።

ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ። የሥራ ባልደረቦቻቸው የጠመኔ ብናኝ ነው አሉ። እናታቸው በርበሬው ይሆናል ብለው ስለፈሩ መሸጡን ትተው ሽንኩርት ጀመሩ። ጎረቤትም የራሱን አለ፤ እሱን እዚህ መድገም አያስፈልግም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ፊልም ተነሣ። አንዲት ነጠብጣብ አልጠፋችም። «በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል» ተብሎ ሌላ መድኃኒት እንደገና ተጀመረ።

በ1976 ዓ.ም. ትንፋሻቸው ዳገት ላይ ማጠር ሲጀምር ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላኩና ዶክተር ኃይለኪሮስ የሚባሉ የውስጥ ደዌ ሐኪም አገኙ። ዶክተሩ የቆዩትን ፊልሞች ሁሉ አምጡ አሉ። በሚያበራው ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቅለው ብዙ ቆዩ። አክታቸው በተመረመረ ቁጥር የነቀርሳ ተሐዋስያን ተገኝተውበት እንደማያውቁም አረጋገጡ። ከዚያ አባትና እናታቸው እንዲጠሩ አዘዙ።

ቤተሰቡ ሲገባ ዶክተሩ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ባልና ሚስት ትዛመዳላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

አቶ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አንሥተው ለመውጣት ተነሡ። «ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው! ልጄን አሳክማለሁ ብዬ መጥቼ ልሰደብ?»

«አባቴ፣ ይቀመጡ፤ ስድብ አይደለም። ይህ በሽታ ከእናትም ከአባትም በኩል ሲገጥም የሚመጣ ስለሆነ ነው። ሳይዛመዱም ሊገጥም ይችላል።»

ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ያስረዱት ይህን ነው። ሳንባችን በጣም ጥቃቅን በሆኑ የአየር ከረጢቶች የተሞላ ነው። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ በእነዚያ ከረጢቶች ውስጥ ደቃቅ ጠጠር ይሠራበታል። ጠጠሩ ከውጭ የገባ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ ከኖራ ዓይነት ነገር የሚሠራው ነው። ብዙ ዓመት ሰውየው ምንም ሳይሰማው ይኖራል። በዓለም ላይ በጥቂት ሰዎች ብቻ የታየ በሽታ ነው። ጠመኔም አያመጣውም፣ በርበሬም አያመጣውም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መድኃኒት ግን አልተገኘለትም። ዶክተሩ የውጭ ስሙን ነግረው ነበር፤ በቤተሰቡ ዘንድ ግን የሳንባ ጠጠር ተብሎ ቀረ።

መምህርት ደብሪቱ የሰሙት አንዱን ብቻ ነበር። «አይተላለፍም? እርግጠኛ ነዎት?» ብለው ደጋግመው ጠየቁ። ዶክተሩም «እኔ አምናለሁ። ፍጹም እርግጠኛ ለመሆን ግን የሳንባው ቁራጭ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። በሕይወት እያሉ ደረት ከፍቶ ለመውሰድ አቅምዎ አይፈቅድም፣ እኔም አልደፍርም» አሉ። መምህርት ደብሪቱ ግን በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍረው ናዝሬት ሄዱና ሚርያምን ይዘው ተመለሱ። በመንገድ ሁሉ ሲስሟት መጡ። ልጅቷ ስላልለመደች ታለቅስ ነበር።

በሚቀጥለው መስከረም ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። አንዳንድ ወላጆች ግን ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩ። ወሬ ፊልም አይቶ አይመለስም።

ዶክተር ኃይለኪሮስ ሌላም ነገር ተናግረው ነበር። በሽታው በአንድ ቤት ወንድምና እህት ላይ ስለሚገኝ አቶ ገሰሰም ራጅ ይነሡ አሉ። አቶ ገሰሰ በዚያን ጊዜ ገርጂ ሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወቱ፣ ዘጠና ደቂቃ ሮጠው የማይደክማቸው ወጣት ነበሩ። «ሐኪሙ ድንጋይ ካቢ ነው እንዴ? በሰው ሁሉ ደረት ጠጠር ይታየዋል» ብለው ሳቁ። ሲለመኑ ነገ ይላሉ፤ ነገም ሲደርስ ሌላ ነገ ይመጣል። እናታቸው ግን አቶ ገሰሰ ሲያስሉ በሰሙ ቁጥር ከተቀመጡበት ይነሡ ነበር። በኋላ ወይዘሪት ፍረወይኒን ለማግባት ሽማግሌ ሲላክ ነገሩ ይበልጥ ከበደ። «ፊልሙ መጥፎ ከሆነ ማን ልጁን ይሰጠኛል? የእህቴን ኑሮ አይቻለሁ» አሉ።

ከ1977 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ የመምህርት ደብሪቱ ጤና እየከፋ ሄደ። ዶክተር ኃይለኪሮስ ሳንባቸው እንደ ድንጋይ ስለደደረ ልባቸው ደሙን ለመግፋት ይታገላል አሉ። የጣቶቻቸው ጫፍ አበጠ፣ ጥፍራቸው ወደ ታች ታጠፈ፣ ከንፈራቸው ጠቆረ። ማስተማር አልተዉም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰሌዳው ላይ እንዲጽፉ ተማሪዎችን በተራ እያስወጡ ያስተምሩ ነበር። አንድን ዐረፍተ ነገር በሁለት ትንፋሽ ከፍለው ይናገሩት ስለነበር ልጆቹም ሲያነቡ እንደዚያው ከፍለው ያነቡ ነበር። ታኅሣሥ 1979 ዓ.ም. እግራቸው አብጦ ሆስፒታል ገቡ፤ ከኦክስጅን መለየትም አልቻሉም።

ጥር ወር ማለቂያ ላይ የንስሐ አባታቸው ባሉበት ቤተሰቡን ሁሉ ሰበሰቡ። «ስሞት ክፈቱኝ» አሉ። «ሳንባዬ ይታይ። ሚርያም እናቷ በምን እንደሞተች በወሬ አትስማ። ገሰሰም ከዚያ በኋላ የሚሸሽበት አይኖረውም።» አቶ መኩሪያ «ልጄን በቢላ አላስነካም! በሙሉ አካሏ ነው የምትቀበረው» ብለው ወጡ። የንስሐ አባታቸው ተከትለዋቸው ወጥተው ብዙ ለመኗቸው። አቶ መኩሪያ እሺም እምቢም ሳይሉ ቀሩ።

መምህርት ደብሪቱ መኩሪያ ረቡዕ የካቲት 11 ቀን 1979 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በተወለዱ በ34 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

መቃብሩ ተቆፍሮ፣ እድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ከምንጃርም ዘመድ በጭነት መኪና ገብቶ ነበር። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተነግሯል። ሆስፒታሉ አስከሬኑን ለመመርመር የቤተሰብ ፈቃድ ይጠብቃል። ባለቤታቸው አቶ ኃይለሚካኤል ቃላቸውን ለመፈጸም ዝግጁ ነበሩ፤ ነገር ግን ያለ አባቷ ፈቃድ አላደርገውም አሉ። የእድሩ ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ መጥተው «ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ነው፤ ምን ልበለው?» ብለው ጠየቁ። ከዘመድም «አስከሬን ቀምተዋቸው ነው»፣ «ቀበሌው ከልክሎ ነው»፣ «በሽታው የሚያሰጋ ሆኖ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ።

አቶ መኩሪያ በሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከማንም ጋር አይነጋገሩም ነበር። እናታቸው ከጎናቸው ሄደው ተቀመጡ። «መኩሪያ፣ አንዷን ልጅ አጥተናል። ሁለተኛውን ሳናውቅ እንጣው?» አሏቸው። አቶ መኩሪያም «ሲጨርሱ በሥርዓት ይስፏት» አሉ። ለዚህ ነው ቀብሩ ወደ ዛሬ የተዛወረው። ማንም አልከለከለም፣ ማንም አልቀማም። የተደረገው በሟች ቃል ነው።

ምርመራውን ያደረጉት ሐኪም ከሰዓት በኋላ ወጥተው ያዩትን ለቤተሰቡ ነገሩ። ሳንባቸው እንደ ሌላ ሰው ሳንባ ለስላሳ አልነበረም። ከደረታቸው ሲወጣ አልሟሸሸም፤ እንደ ቅርጹ ቆመ። ክብደቱ ከጤነኛ ሳንባ ብዙ እጥፍ ነበር። ቢላው ሲያልፍበት አሸዋ ላይ እንደሚሄድ ይንቀጫቀጭ ነበር። ከቁራጩ ፈቅፍቀው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የአየር ከረጢቶቹ በደቃቅ ጠጠር ተሞልተዋል። እያንዳንዱ ጠጠር እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። በዓመታት ውስጥ ልባስ በልባስ ላይ እየጨመረ ያደገ ነው። የነቀርሳ ምልክት በየትኛውም ክፍል አላገኙም። ዝርዝር ምርመራው ወደፊት ቢቀጥልም በሽታው ዶክተር ኃይለኪሮስ ያሉት እንደሆነ ጥርጥር እንደሌላቸው ተናገሩ።

ስለዚህ ከመምህርት ደብሪቱ ጋር አንድ ገበታ የበላችሁ፣ አንድ ክፍል የተማራችሁ፣ እጃቸውን የጨበጣችሁ ሁሉ አትስጉ። በእሳቸው ምክንያት የታመመ ሰው የለም። ልጆቻችሁን ያዛወራችሁ ወላጆችም ያደረጋችሁት ከፍርሃት ነው፤ እሳቸው አልተቀየሟችሁም።

የምርመራው ውጤት ሲነገር አቶ ገሰሰ እዚያው ቆመው ይሰሙ ነበር። ለማንም ሳይናገሩ ወደ ራጅ ክፍሉ ሄዱ። ሲመለሱ ዶክተር ኃይለኪሮስ አብረዋቸው ነበሩ። እናታቸው የዶክተሩን ፊት አይተው አወቁ። ያው ነጭ አሸዋ በአቶ ገሰሰም ሳንባ ውስጥ አለ። ከእህታቸው የሳሳ ነው፤ ትንፋሻቸው ጤነኛ ነው፤ ልባቸውም አልተነካም። ዶክተሩ ሲጋራ እንዲተዉና በየስድስት ወሩ እንዲታዩ አዘዋል። እንዲህ ሆነው ብዙ ዘመን የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉም ተናግረዋል።

ይህ በቀብር ላይ የሚነበብ ነገር እንዳልሆነ እናታቸው ያውቃሉ። አቶ ገሰሰ ግን «እማዬ፣ ጻፊው። ከጀርባዬ ከሚያወሩኝ ፊት ለፊቴ ይስሙት» አሉ። ወይዘሪት ፍረወይኒ ዛሬ ከወላጆቻቸው ጋር በመካከላችን ይገኛሉ። ነገሩን ከአቶ ገሰሰ አፍ ትናንት ሰምተዋል። «እኔ የማገባው ፊልሙን ነው እንዴ?» ብለዋል። ሠርጉ እስከ ሙት ዓመቱ ይቆያል እንጂ አይቀርም።

መምህርት ደብሪቱ አባታቸውን፣ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን አቶ ኃይለሚካኤልን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ሚርያምን እና ወንድማቸውን አቶ ገሰሰን ትተው ሄደዋል። ሚርያምም በእሳቸው ኑዛዜ ራጅ ትነሣለች። ፈርታለች፤ አጎቷ አብረዋት ይገባሉ።

በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩ ሐኪሞችና አስታማሚዎች፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው፣ ለሾላ ገበያ ነጋዴዎች፣ ለእድራችንና ከሩቅ ለመጣችሁ ዘመዶች ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋና ያቀርባል። የእናታቸው ልመና አንድ ነው። ከዚህ ቤት አንድ ሰው ሲያስል ብትሰሙ ወንበራችሁን አታርቁበት።

መድኃኔዓለም የደብሪቱን ነፍስ ትንፋሽ በማያጥርበት ሥፍራ ያሳርፍልን። የቀሩትንም ለእኛ ያቆይልን። አሜን።